ካታሎግ ይዞ በር ማንኳኳት፦ ለማን ያዋጣል?



ለዛሬ የመረጥኩት ርእስ ትንሽ የሚመስል ሥራ ነው። የዕቃ ሥዕልና ዋጋ የታተመበትን ካታሎግ ይዞ ቤት ለቤት መዞር፣ ትዕዛዝ መቀበል፣ ዕቃውን ማድረስና ከሽያጩ ኮሚሽን ማግኘት ነው። ስለዚህ ሥራ የሚነገረን አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። አንዱ «ሥራዬን ለቅቄ መኪና ገዛሁበት፤ አንተም ግባበት» ይላል። ሌላው «ማጭበርበሪያ ነው፤ አትጠጉት» ይላል። ሁለቱም ሒሳቡን ቁጭ ብለው አላሠሩንም።

የእኔ አቋም እንዲህ ነው። ሥራው እውነተኛ ሥራ ነው፤ ገቢው ግን ትንሽ ነው። ትንሽነቱን አውቆ፣ የሚያጠፋውን ሰዓት ቆጥሮ፣ በሚያውቀው ሰፈር ለሚሠራ ሰው ያዋጣል። ሀብት ይገኝበታል ብሎ ለሚገባበት ግን አያዋጣም። ይህን በታሪኩ፣ በሒሳቡና በሕጉ በኩል ላስረዳ። ካልገለጽኩ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት እ.ኤ.አ. ናቸው።

ቤት ለቤት መሸጥ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ሱቅ በደረቴውን ያውቃል፤ አሮጌ ልብስ ተቀብሎ ሳህንና ጆግ የሚሰጠውን ልዋጭም ያውቃል። የካታሎግ ሻጭ ከእነዚህ የሚለየው ዕቃውን ተሸክሞ ስለማይዞር ነው። ሥዕሉን ያሳያል፣ ገዢው ያዛል፣ ዕቃው በኋላ ከኩባንያው መጋዘን ይመጣል። ስለዚህ ያለ ሱቅ፣ ያለ ኪራይና ያለ ብዙ መነሻ ካፒታል መነገድ ተቻለ። ከሁሉ በላይ የተጠቀሙበት ደግሞ ከቤት ውጭ የሚቀጥራቸው ያጡ ሴቶች ናቸው።

በ1886 ዴቪድ ማኮኔል የተባለ አሜሪካዊ መጽሐፍ አዟሪ ኒውዮርክ ውስጥ የሽቶ ኩባንያ አቋቋመ። መጽሐፍ ለሚገዙ የቤት እመቤቶች ትንሽ ሽቶ በስጦታ ይሰጥ ነበር፤ ሴቶቹ ከመጽሐፉ ይልቅ ሽቶውን እንደሚወዱት ሲያይ ንግዱን ቀየረ። የመጀመሪያዋ የሽያጭ ወኪሉ በኒው ሃምፕሸር ግዛት የምትኖር ፐርሲስ ኦልቢ የተባለች የሃምሳ ዓመት ገደማ ሴት ነበረች። በፈረስ ጋሪና በባቡር እየተጓዘች ከመሸጥ አልፋ፣ በየከተማው ሌሎች ሴቶችን እየመለመለች ታሠለጥን ነበር። በመላ አሜሪካ ለሴቶች የመምረጥ መብት ያረጋገጠው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የጸደቀው በ1920 መሆኑን ስናስብ፣ በእነዚያ ዓመታት በገዛ ሥራ ገንዘብ መያዝ ለአንዲት ባለትዳር ሴት ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደነበረ ይገባናል። ያ ኩባንያ በ1939 ስሙን ቀይሮ ኤቮን ተባለ፤ በ1959 ደግሞ እንግሊዝ ገባ።

ከዚህ ታሪክ ጎን የማዳም ሲ ጄ ዎከርን ታሪክ ሳላነሳ ባልፍ ቅር ይለኛል። በ1867 ሉዊዚያና ውስጥ ከባርነት ነጻ ከወጡ ወላጆች ተወልዳ፣ ለረጅም ዓመታት ልብስ በማጠብ ኖራለች። በኋላ የጥቁር ሴቶች የፀጉር ቅባትና መንከባከቢያ ቤት ለቤት መሸጥ ጀመረች፤ በመላ አገሪቱም ወኪሎች አሠለጠነች። በ1917 ወኪሎቿን ፊላደልፊያ ላይ ሰብስባ ሽልማት ስትሰጥ፣ ብዙ የሸጡትን ብቻ ሳይሆን ለበጎ አድራጎት ብዙ የሰጡትንም ሸልማለች። የሌላ ሰው ቤት ከማጽዳትና ልብስ ከማጠብ ሌላ አማራጭ ላልነበራቸው ጥቁር ሴቶች ይህ ሥራ መውጫ በር ሆነላቸው።

የቤት ዕቃው ዘርፍም የራሱ ታሪክ አለው። አልፍሬድ ፉለር በ1906 የብሩሽ ኩባንያውን መሠረተና ሻጮቹን በየደጁ አሰማራ። ለዚሁ ኩባንያ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ሃሪ ክሩክ ወደ አገሩ ሲመለስ በ1923 ብሪስቶል አጠገብ ክሊኒዝን አቋቋመ። ከአምስት ዓመት በኋላ ቤተርዌር ለንደን ውስጥ ተከተለ። የሥራውን ጠባይ ልብ ብለን እናይ ዘንድ የምወስደው የእነዚህን የእንግሊዝ ካታሎጎች የቀድሞ አሠራር ነው።

ወኪሉ ካታሎጎቹን ከኩባንያው በገንዘቡ ይገዛል። እያንዳንዱን በላስቲክ ከረጢት ከቶ ስሙ፣ ስልኩና ተመልሶ የሚመጣበት ቀን የተጻፈበት የትዕዛዝ ወረቀት ይጨምርበታል። ሰኞ ማታ በየቤቱ ደጃፍ እያስቀመጠ ያልፋል። ሐሙስ ማታ ተመልሶ ይሰበስባል። አንዱ ቤት ካታሎጉን ከነከረጢቱ ደጅ ላይ አውጥቶታል፤ ወረቀቱ ባዶ ነው። ሁለተኛው ቤት ጥሎታል። ሦስተኛው ቤት ሰው የለም፤ ቅዳሜ እንደገና መመለስ አለበት። አራተኛዋ አሮጊት በሩን በሰንሰለቱ ልክ ከፍተው «ያ የምድጃ ማጽጃ ባለፈው ጥሩ ነበር፤ ሁለት አምጣልኝ፤ ለመጥረጊያውም መለዋወጫ ጨርቅ» ይላሉ። ወኪሉ ትዕዛዞቹን አሰባስቦ ለኩባንያው ይልካል፤ ዕቃው በካርቶን ሲመጣ በየደንበኛው ለይቶ ያሽጋል፣ ያደርሳል፣ ገንዘብ ይቀበላል። የተሰበሰቡት ካታሎጎች ደግሞ ለሚቀጥለው መንገድ ይዘጋጃሉ። ሥራው ከሞላ ጎደል ይኸው ነው። እግር ይፈልጋል፣ ደብተር ይፈልጋል፣ ቀን ማክበር ይፈልጋል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የወሰድኳቸው ናቸው፤ እናንተ የራሳችሁን ቁጥር ተክታችሁ ሥሩት።

አንድ ሰው 150 ካታሎግ በተነ እንበል። ከአሥር ቤት አንዱ ያዛል፤ 15 ትዕዛዝ ይሆናል። እያንዳንዱ የ12 ፓውንድ ዕቃ ቢያዝ ጠቅላላ ሽያጩ 180 ፓውንድ ነው። ኮሚሽኑ 20 በመቶ ከሆነ 36 ፓውንድ ያገኛል። ብዙ ሰው ሒሳቡን እዚህ ላይ ያቆማል፤ አዲስ ወኪል የሚመለምለውም ሰው እዚህ ላይ እንዲቆም ይፈልጋል። እኛ ግን እንቀጥል። አሥር ካታሎግ ሳይመለስ ቀረ፤ አንዱ 60 ሳንቲም ቢሆን 6 ፓውንድ ነው። ቤንዚን 4 ፓውንድ፣ ከረጢትና ወረቀት 1 ፓውንድ። የቀረው 25 ፓውንድ ነው። ለመበተን 3 ሰዓት፣ ለመሰብሰብ 3 ሰዓት፣ ለማዘጋጀትና ለማሸግ 1 ሰዓት፣ ለማድረስ 2 ሰዓት፤ በድምሩ 9 ሰዓት ሄዷል። በሰዓት ሲካፈል 3 ፓውንድ እንኳ አይሞላም። በኤፕሪል 2025 እንግሊዝ ውስጥ ዕድሜው 21 ዓመት ለሞላ ተቀጣሪ በሕግ የተወሰነው ዝቅተኛ ክፍያ በሰዓት 12.21 ፓውንድ ነበር።

ሌላ ሰው ደግሞ በ60 ቤት ብቻ ይሠራል። ቤቶቹ ከመኖሪያው በእግር የሚደረስባቸው ናቸው፤ ነዋሪዎቹ በስም ያውቁታል፣ ቀኑን እንደማያሳልፍ ያውቃሉ። ከእነሱ 18ቱ ያዛሉ። ሽያጩ 216 ፓውንድ፣ ኮሚሽኑ 43 ፓውንድ ከ20 ሳንቲም ይሆናል። የጠፋው ካታሎግ ሁለት ነው፤ ቤንዚን የለም፤ ወጪው ሁሉ 2 ፓውንድ ከ20 ሳንቲም ነው። 41 ፓውንድ ቀረው። ያጠፋው 5 ሰዓት ነው፤ በሰዓት ከ8 ፓውንድ ትንሽ ይበልጣል።

ልዩነቱን ያመጣው የምላስ ጉዳይ አይደለም። ሁለተኛው ሰው ሰፈሩን አጥብቧል፤ ደጋግሞም ተመልሷል። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚለው የአባቶቻችን አባባል በዚህ ንግድ ላይ በገንዘብ ይመነዘራል።

ያም ሆኖ ሁለተኛው ሰው እንኳ ሕጋዊውን ዝቅተኛ ክፍያ አልደረሰበትም። ታዲያ ለምን ይሠራዋል? ሰዓቱን ለሌላ ቀጣሪ መሸጥ ስለማይችል ነው። ሕፃን በጋሪ እየገፋች የምትዞር እናት፣ ጡረታ ወጥቶ በቀን ሁለት ሰዓት መራመድ ሐኪም ያዘዘለት ሰው፣ በፈረቃ መካከል ሦስት ሰዓት የሚተርፈው ሠራተኛ፣ ለእነዚህ በሳምንት የሚገኝ 40 ፓውንድ የመብራት ወይም የእቁብ ብር ነው። አዲስ አገር ለገባ ሰው ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ ቋንቋውንም ጎረቤቱንም ደጃፍ ላይ ይማራል። መሸጥ የሚችለው ሙሉ ሰዓት ያለው ጤነኛ ወጣት ግን በደሞዝ ቢቀጠር ይሻለዋል። ይህን በግልጽ መናገር አለብን።

ሰፈሩን የሚያውቅ ሻጭ ከገቢም በላይ ፋይዳ ሊኖረው ይችላል። በ2007 የተመሠረተው ሊቪንግ ጉድስ የተባለ ድርጅት የኤቮንን አሠራር አርአያ አድርጎ፣ በኡጋንዳ መንደሮች ያሉ ሴቶች የወባ መድኃኒት፣ የተቅማጥ መድኃኒት፣ ሳሙናና አጎበር ለጎረቤቶቻቸው ቤት ለቤት እየዞሩ በአነስተኛ ትርፍ እንዲሸጡ አደረገ። እያንዳንዷ የምትሠራው በራሷ መንደር ነው። ከ2011 እስከ 2013 በ214 መንደሮች የተካሄደ ጥናት፣ እነዚህ ሴቶች በሚሠሩባቸው መንደሮች የሞቱት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ከሌሎቹ በ27 በመቶ ገደማ እንደሚያንሱ አሳይቷል። ሴቶቹ በዚህ ሥራ አልከበሩም። ደጃፉን የሚያውቅ ሰው ጠቃሚ ዕቃ ይዞ በጊዜው ሲመጣ ምን ሊገኝ እንደሚችል ግን አሳይተዋል።

አሁን የእኛን ማኅበረሰብ በቀጥታ የሚመለከት ነገር ላንሳ። ይሉኝታ ነው። አዲስ ወኪል መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ዘመዱ፣ ወደ ጓደኛው፣ ወደ ማኅበርተኛው ነው። የእኛ ሰው ደግሞ ቡና አፍልቶ፣ ፊት ለፊት «አልፈልግም» ማለት ይከብደዋል። ስለዚህ የማይፈልገውን ክሬም ይገዛል። ወኪሉ «ሥራው ሰመረልኝ» ብሎ ብዙ ያዛል፤ በሁለተኛው ወር ግን ስልክ የሚያነሳለት ይጠፋል። ዝምድናውም ይሻክራል። ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ የመጀመሪያውን ትዕዛዝ ከቁጥር አታስገቡት። ሁለተኛውንም ተጠራጠሩት። አንድ ሰው ሳትለምኑት ሦስተኛ ጊዜ ካዘዘ ደንበኛ አገኛችሁ ማለት ነው፤ ደብተራችሁ ላይ ስሙን ጻፉት።

የዱቤውም ጉዳይ እንደዚሁ ነው። የ12 ፓውንድ ዕቃ ለወኪሉ 9 ፓውንድ ከ60 ሳንቲም ያወጣበታል፤ ትርፉ 2 ፓውንድ ከ40 ነው። አንድ ሰው «ደሞዝ ሲገባ እሰጥሃለሁ» ብሎ ቢያስቀር የአራት ደንበኛ ትርፍ ይበላል። ዕቃ በእጅ፣ ገንዘብ በእጅ ይሁን፤ ለዘመድም ጭምር።

ወደ ዋናው አደጋ ልግባ። ብዙ የካታሎግ ኩባንያዎች ወኪሉ ሌሎች ወኪሎችን ሲመለምል ከእነሱ ሽያጭ ድርሻ ይሰጡታል። ይህ ብቻውን ወንጀል አይደለም፤ ፐርሲስ ኦልቢም ወኪሎች መልምላለች። ነገሩ የሚበላሸው ገንዘቡ ከዕቃ ገዢ መምጣቱ ቀርቶ አዲስ ከሚገቡ ሰዎች መዋጮ መምጣት ሲጀምር ነው፤ ይህ ፒራሚድ ይባላል። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ1979 አምዌይ በተባለው ኩባንያ ላይ የቀረበውን ክስ ሲመረምር ኩባንያው ፒራሚድ አይደለም ያለው ሦስት ደንቦቹን አይቶ ነው። ሻጩ አዲስ ዕቃ ከማዘዙ በፊት ከያዘው 70 በመቶውን መሸጥ ነበረበት፤ በየወሩ ቢያንስ ለአሥር ደንበኞች መሸጡን ማሳየት ነበረበት፤ ሥራውን ለሚተው ሰውም ያልተሸጠው ዕቃ ተመልሶ ይገዛለት ነበር። በ2016 ደግሞ ይኸው ኮሚሽን ከሄርባላይፍ ጋር ባደረገው ስምምነት ኩባንያው ገንዘባቸውን ላጡ ሰዎች 200 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍልና ክፍያውን ከእውነተኛ የችርቻሮ ሽያጭ ጋር እንዲያያይዝ ተደርጓል።

ከዚህ ለእናንተ የሚሆን መመዘኛ አውጡ። የሚጋብዛችሁን ሰው እንዲህ ብላችሁ ጠይቁት፦ «ማንንም ባልመለምል፣ ከዕቃው ብቻ በወር ስንት ይቀረኛል? ያልተሸጠውን ትመልሱልኛላችሁ? ባለፈው ወር አንተ ራስህ ከወኪሎች ውጭ ለስንት ሰው ሸጥህ?» መልሱ ስለ ሆቴል ስብሰባና ስለ መኪና ከሆነ፣ ተነሥታችሁ ውጡ። በአገራችንም ጉዳዩ ግልጽ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 (ይህ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) በፒራሚድ ዘዴ መሸጥን ከልክሏል።

በሩን የሚመለከት ሕግም አለ። አሜሪካ ውስጥ በ1931 ግሪን ሪቨር የተባለችው የዋዮሚንግ ከተማ ሳይጋበዙ በር ማንኳኳትን በደንብ ከለከለች፤ ብዙ ከተሞችም ተከተሏት። ስለዚህ የከተማውን ፈቃድ ሳይጠይቁ መጀመር አይገባም። በፌዴራል ደንብ ደግሞ በገዢው ቤት የተደረገ የ25 ዶላርና ከዚያ በላይ ግዢ በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ሊሰረዝ ይችላል፤ ሻጩ ይህን መብት ለገዢው የማሳወቅ ግዴታ አለበት። በእንግሊዝ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ጊዜው 14 ቀን ነው። «ሻጭ አይፈቀድም» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበትን ቤት ማለፍም ጨዋነት ነው፤ ጨዋነቱም ያተርፋል።

ግብሩ እንዳይረሳ። በእንግሊዝ ከንግድ የገባ ገንዘብ በግብር ዓመቱ ከ1,000 ፓውንድ ካለፈ ማስመዝገብ ያስፈልጋል፤ የሚቆጠረውም ወጪ ሳይቀነስ የገባው ጠቅላላ ገንዘብ ነው። በአሜሪካ በግል ሥራ የተገኘ የተጣራ ገቢ 400 ዶላር ሲደርስ ለማኅበራዊ ዋስትና የሚከፈለው ግብር ይመጣል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ቪዛችሁን አንብቡ። በእንግሊዝ በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው በግሉ መነገድ አይፈቀድለትም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በአሠሪ ስም የገቡ እኅቶቻችን ከአሠሪያቸው ውጭ ካታሎግ ይዘው ቢሸጡ ከባድ ችግር ውስጥ ሊወድቁ ይችላሉ። ለ40 ፓውንድ ብሎ የመኖሪያ ፈቃድን አደጋ ላይ መጣል አይገባም።

የኩባንያ ስም ትልቅነትም ዋስትና አይሆንም። ብሪስቶል አጠገብ በ1923 የተመሠረተው ክሊኒዝ በ2018 ሥራ አቆመ። በ2024 የኤቮን የአሜሪካ ኩባንያ ከዕዳው ብዛት የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ፤ በቤት ግብዣ ሽያጭ የታወቀው ታፐርዌርም በዚያው ዓመት እንደዚሁ አደረገ። ሰዎች ስልካቸው ላይ ማዘዝ ለምደዋል። ስለዚህ ወኪል የሆነ ሰው ቤቱ ዕቃ አይከምር፤ ገቢውንም ሁሉ በአንድ ኩባንያ ላይ አይጣል። የእሱ የሆነው ሀብት የደንበኞቹ ደብተርና በደንበኞቹ ዘንድ ያለው እምነት ነው።

አገር ቤት ላሉ ወጣቶችም ይህን እላለሁ። ዛሬ ካታሎጉ የቴሌግራም ቻናል ሆኗል፤ ክፍያው በቴሌብር፣ ማድረሱ በሞተር ሳይክል ነው። የሒሳቡ ሕግ ግን አልተለወጠም። የማድረሻውን ወጪ፣ የተመለሰውን ዕቃና የሄደውን ሰዓት ሳይቀንሱ «አተረፍኩ» ማለት ራስን ማታለል ነው።

በመጨረሻ ሁለት ልመና አለኝ። የመጀመሪያው ሥራውን ልትጀምሩ ላሰባችሁ ነው። በእግር የምትደርሱባቸውን ጥቂት ቤቶች ምረጡ፤ በቀን ብርሃን ሂዱ፤ ሰው ቤት ውስጥ አትግቡ፤ የት እንዳላችሁ ለአንድ ሰው ንገሩ። ለሦስት ወር የገባውን፣ የወጣውንና የሄደውን ሰዓት በአንድ ደብተር ጻፉ። ሒሳቡ ካላዋጣችሁ ተዉት፤ ሥራ ሞክሮ መተው ነውር አይደለም። ሁለተኛው ዕድርና ማኅበር ለምትመሩ ነው። በስብሰባችሁ መካከል ተነሥቶ «አብረን እንክበር» የሚል ሰው ሲመጣ ሦስቱን ጥያቄዎች በሕዝብ ፊት ጠይቁልን። መልስ ከሌለው መድረኩን አትስጡት። የእርስ በርስ እምነታችን ለኮሚሽን የሚሸጥ ዕቃ አይደለም።